ገጽ አርባ ሁለትን የያዘው ቤት

በእኛ ከተማ ታሪክ ያለው በየሰው ቤት ነው። የከተማዋን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፣ ለማያውቃት ደግሞ ስሟ ምንም አይጨምርለትም።

ድሮ አንድ መጽሐፍ ነበር ይባላል። አንድ ብቻ። የሚሾመው ሹም ሁሉ ወንበሩ ላይ ሳይሞቀው መጽሐፉን ያስመጣና ደስ ያላለውን ገጽ ይቀድዳል። አንዱ አባቱ የተሸነፈበትን ቀደደ። አንዱ አያቱ ያልተጠቀሱበትን ቀደደ። አንዱ ደግሞ ማንበብ ስለማይችል፣ ከማን አንሼ ብሎ፣ ከመሀል ጨብጦ ቀደደ። መጽሐፉ እንዲህ ሲሳሳ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ። "ይህ ነገር አንድ ቦታ ከኖረ አንድ ሰው ይጨርሰዋል። መቶ ቦታ ከተበተነ ግን መቶ በር ማንኳኳት ይሰለቸዋል" አሉ። የተረፈውን መጽሐፍ ገነጣጥለው ለመቶ አሥራ ስምንት ቤት፣ ለአንድ ቤት አንድ ገጽ፣ በዕጣ አደሉት። ወረቀቱን ዘመን ጨረሰው፣ የቀረውን አይጥ በላው። ቃሉን ግን እያንዳንዱ ቤት ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት እያሻገረ እዚህ አደረሰው። ሹሞቹም እውነትም ሰለቻቸው። እኔ ለሰው ቶሎ እጅ የምነሳ ሴት አይደለሁም፣ ለእነዚያ ሽማግሌዎች ግን እነሳለሁ።

ዕጣ ነውና ለሁሉም እኩል አልደረሰም። አንዱ ቤት ማውጫው ደረሰው። እነሱ ምን እንደተደረገ አያውቁም፣ የት እንዳለ ግን ያውቃሉ። "ረሃቡ አርባ፣ ድልድዩ ሃምሳ ሰባት፣ ኩፍኙ ሰማንያ" እያሉ ልጆቻቸውን ያስተኛሉ። ሌላው ቤት ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ደረሰው። በዚያ ቤት ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ዝም ማለት ያስተምሩታል፤ አንድ ገጽ ተነቦ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሳያጥር ሳይረዝም። ሽማግሌዎቹ ሲገነጥሉ ደግሞ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አላዩም ነበርና፣ የአንዱ ገጽ ወሬ መሀል ላይ ተቆርጦ ከጎረቤቱ ገጽ ይቀጥላል። አንድ ቤት ገጹ የሚጀምረው "ግን ፈረሱ አልሞተም" ብሎ ነው። ፈረሱ ምን እንዳገኘው መጠየቅ የፈለገ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። እነዚያ ሁለት ቤቶች ደግሞ አይዋደዱም።

በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የታሪክ ፈተና አለ። ትምህርት የጨረሰ ሁሉ ግድ ይፈተናል። ይህን ያላለፈ በከተማችን ጥርስ ነቃይ መሆን አይችልም፣ አናጺ መሆን አይችልም፣ ንብ እንኳ ማነብ አይፈቀድለትም። ተፈታኙ ከፈተናው በፊት ቤት ለቤት ዞሮ መቶ አሥራ ስምንቱን ገጽ ከየያዡ አፍ ይለቅማል። ያዡም ለጠየቀው ሁሉ፣ በጠየቀው ቁጥር መንገር ሕግ ነው። የፈተናው ቀን ያዦች በገጻቸው ተራ በሜዳው ላይ በርጩማ ይዘው ይደረደራሉ፤ ተፈታኙ በየአንዳንዳቸው ፊት እየቆመ ገጻቸውን ይላል። ያዡ "ነው" ካለ ያልፋል። አንድ "አይደለም" ከወጣ ልጁ ወደቀ፣ ሌላ ሦስት ዓመት።

ዳኛም አለው። ዳኛው አድልዎ እንዳይኖርበት ታሪክ ጨርሶ የማያውቅ መሆን አለበት። ከሩቅ መንደር ይመጣል፤ ምንም እንደማያውቅ ሦስት ሰው ምሎ ይመሰክርለታል። ሥራው "ነው ወይስ አይደለም?" ማለት ብቻ ነው። "ከዚያስ?" ብሎ የጠየቀ ዳኛ በማግስቱ ይሻራል። ነገሩ ገብቶታል ማለት ነውና።

የኛ ቤት የያዘው ገጽ አርባ ሁለትን ነው። የኛ ስል የባሌ የመኩሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ እኔ ተድሬ የመጣሁ ነኝ። ገጽ አርባ ሁለት የረሃቡ ወሬ ነው። የባሌ ቅድመ አያት ጓንጉል በረሃቡ ዓመት በከተማዋ ውስጥ ብቸኛ ሙሉ ጎተራ የነበረው ሰው ነው። ገጻችን እንዲህ ይላል፦ "ገና የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰማ ጓንጉል ቁልፉን ይዞ እየሮጠ ወጣ፣ ጎተራውንም በገዛ እጁ ከፍቶ ሕዝቡን አበላ።" ስለዚህ በከተማው የኛ ቤት "የከፋቾች ቤት" ይባላል። በሠርግ ከሙሽራው ቀጥሎ እኛ ነን የምንቀመጠው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘን ይቆምልናል። መኩሪያ እንኳ፣ በዓመት አሥር ቃል የማይናገር ሰው፣ "ከፋቾች" ሲሉት ትከሻው ከፍ ይላል።

ይህ የሚባለው ነው። የሚያዘው ግን ሌላ ነው።

አማቴ እማማ ላቀች ሊሞቱ ሲሉ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርገው ጠሩኝና፣ "ደብሬ፣ ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው። አንዱን ትዪዋለሽ፣ አንዱን ትይዥዋለሽ። እንዳታምታቺ" አሉኝ። የሚባለውን አውቀዋለሁ። የሚያዘውን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ለምን አይባልም?" ስላቸው "ለአማቴ የገባሁት ቃል ነው፣ አንቺም ለኔ ትገቢያለሽ" አሉ። ገባሁ። እኔ ደግሞ አንዴ ገብቼ የወጣሁበት ነገር የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ልጅ በፊቴ ቆሞ የሚባለውን ሲል "ነው፣ ነው፣ ነው" ስል ኖርኩ።

አሁን ስለ ልጄ ልናገር። አንጓች ትባላለች፣ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ አዋላጅ መሆን። የከተማዋ አዋላጅ እትዬ የሺመቤት አንድ ናቸው፣ እሳቸውም እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለፈው ክረምት የአናጺው ሚስት አምጣ አምጣ ስትቸገር፣ እትዬ የሺመቤት በሁለቱ መዳፋቸው መሀል የአንጓችን እጅ ይዘው "ያንቺ ይግባ፣ የኔ አይሆንም" ያሏት ጊዜ ነው ልጄ የቆረጠችው። የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ አይቀበልም። ታሪክ ያላለፈ ደግሞ በሩን አይረግጥም። ከወደቀች የሚቀጥለው ፈተና ሲደርስ ሃያ አንድ ይሞላታል። ስለዚህ ያለችው አንዲት ዕድል ነበረች።

ታሪክ ከማዋለድ ጋር ምን አገናኘው ያለ ሰው ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩበትና "ሕጉ ለምን እንደሆነ አይልም" ተብሎ ተዘጋ።

ልጄ ለቀማ ስትጀምር እኔም አየኋት። የሌሎቹ ልጆች አለቃቀም ሌላ ነው። ሌሎቹ በር ላይ ቆመው "እባክዎ ገጽዎን" ይላሉ፣ ይሰማሉ፣ እያነበነቡ ይሄዳሉ። ለማለፍ ነዋ የሚያጠኑት። ለማለፍ የሚያጠና ሰው ደግሞ ቃል እንጂ ነገር አይሰማም። አንጓች ግን ገብታ ትቀመጣለች። ያዡ ሲጨርስ "ከዚያ በፊት ዝናብ ነበር ወይ?" ትላለች። "ሰውዬው ስንት ልጅ ነበረው?" ትላለች። ያዦች መጀመሪያ ተናደዱባት፣ በኋላ ወደዷት። ባዶ ገጽ ወደያዘው ቤት እንኳ ሄዳ ሙሉ ከሰዓት ዝም ብላ ስትቀመጥ፣ አባወራው "ከተማዋ ውስጥ እንዲህ አርጎ ዝም ያለ ሰው አላየሁም" ብሎ ሥራ የፈታውን ሁሉ እየጠራ ይናገር ነበር። ለዚያ ቤት መናገር ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ገጽ አርባ አንድ ነበር። ገጽ አርባ አንድን የያዘው አቶ ደርበው ነው፤ ባለ ወፍጮው። አቶ ደርበው ከጓሮዬ አጥር ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ የጎመን መደቤን አደረቀብኝ። ቁረጥ አልኩት፣ አልቆርጥም አለ። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም። ሁለት ፈተና ሙሉ፣ አርባ አንድና አርባ ሁለት ነንና፣ በርጩማችን ገጥሞ ሳንተያይ ተቀምጠን ውለናል። ሕጉ ንገር ይላል፣ በጸጥታ ንገር ግን አይልም። የኔ ልጅ ስትመጣ አቶ ደርበው ወፍጮውን አስነስቶ ገጹን ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ይላል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚሰማ ነገር የለም።

"ጋሼ ደርበው፣ አልሰማሁም።"

"እኔ ተናግሬያለሁ። ሕጉ ተናገር ነው የሚለኝ፣ አሰማ አይለኝም።"

"እንግዲያው ነገም እመጣለሁ።"

"ነይ። እህል ይዘሽ ነይ፣ በባዶ እጅ ወፍጮ ቤት አይገባም።"

በማግስቱ አንድ ጣሳ ገብስ ይዛ ሄደች። አንድ ጣሳ! ወረፋ ይዛ፣ አስፈጭታ፣ ከጩኸቱ መሀል ሁለት ቃል ለቅማ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሦስት ቃል። እኔ "ተይው፣ የዚያን ዛፍ ጌታ ደጅ እንዳትጠኚ" ስላት "እማዬ፣ ዛፉ ያንቺ ጠብ ነው፣ ገጹ ግን የኔ ነው" አለችኝ። ዱቄታችን በጣሳ በጣሳ ተጠራቅሞ ቤቱን ሞላው። ፊቷ፣ ፀጉሯ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ ዱቄት ሆኖ የአሮጊት መስሎ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወረፋ የያዙት ሴቶች መረራቸው።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለዚች ልጅ የምትላትን በላትና ዱቄታችንን ይዘን እንሂድ!" አለች አንዷ።

"እናቷ ጎመኗን አጥታ ልጅቷም ትምህርቷን ትጣ?" አለች ሌላዋ። "ባለ ዛፉ! ጥላህ ለኛም ተረፈ!"

"አሥራ አንድ ቀን! እኔ ባሌን ለማግኘት እንኳ እንዲህ አልተመላለስኩም!"

ሳቁ ወፍጮውን ሲበልጠው አቶ ደርበው የሞተሩን ቀበቶ ከመዘውሩ ላይ አወረደ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ሰውዬው የነጣ እጁን በሱሪው አበሰና ልጄን ትክ ብሎ አያት። "የማን ልጅ እንደሆንሽ ከችኮነትሽ ያስታውቃል" አላት። ከዚያ ገጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ አለላት። ሴቶቹ እንደሚሉት አንዲት ቃል አልዘለለም። ጠበኛዬ ነው፣ ግን የሰማሁትን አልክድም፤ ያዥነቱን ያውቃል።

ያን ቀን አንጓች ወደ ቤት ስትመጣ ደስ ብሏት ትገባለች ብዬ ስጠብቅ፣ ገብታ ዱቄቱን እንኳ ሳታራግፍ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"እማዬ፣ አይገጥምም።"

"ምኑ?"

"አርባ አንድ እንዲህ ብሎ ያልቃል፤ 'ሕዝቡ በጎተራው በር ላይ ቆሞ ሦስት ቀን ለመነ፣ ጓንጉልም።' ያንቺ ገጽ ደግሞ ገና የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰማ እየሮጠ ወጣ ይላል። ገና የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶ ከወጣ፣ ሦስት ቀን ማንን ነው የለመኑት?"

"ጆሮው ከብዶት ይሆናላ።"

"እሺ። አርባ ሦስትስ? የአርባ ሦስት ቤቶች 'የጎተራውን ቁልፍ የሚጠግን አንጥረኛ ከሩቅ ተጠራ' ብለው ነው የሚጀምሩት። በቁልፉ የከፈተ ሰው አንጥረኛ ምን ያደርግለታል?"

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም፣ ያጣሁ ሲመስለኝ ደግሞ እቆጣለሁ። "እንደነገርኩሽ በይ!" አልኳት። "መቶ ልጅ እንደዚያው ብሎ አልፏል። በፊቴ ትቆሚያለሽ፣ የነገርኩሽን ትያለሽ፣ 'ነው' እላለሁ፣ ታልፊያለሽ። ጎተራው የተከፈተው ድሮ ነው፣ ሴቶቹ ግን ነገ ያምጣሉ። የፈለግሽው ማዋለድ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አለች። "እትዬ የሺመቤት ግን እጅሽ የነካውን እንጂ የፈለግሽውን አትናገሪ ነው ያሉኝ። ልጁ በእግሩ ከመጣ፣ በጭንቅላቱ ነው የመጣው ብል እናትዬዋ ትሞታለች።"

መኩሪያ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቶ ነበር። "ምንድነው?" አለ። "ምንም" አልኩት። እሱ የሚያዘውን አያውቅም፤ የሚያዘው በምራቶች ነው የሚሄደው። ልጄ ሁለታችንንም አየችና ወጣች። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ስለ ገጽ አርባ ሁለት ደግማ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ሜዳው ሞላ። ዳኛው ከቆላ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ምንም እንደማያውቅ የመሰከሩለት ሰዎች እንኳ "እኛ ራሳችን ብዙ አናውቅም" ብለው ነበር የማሉት። ተፈታኞቹ ስምንት ናቸው፣ አንጓች መጨረሻዋ ናት። ሰባቱ በተራ በፊቴ አለፉ። ሰባቱም ጓንጉል ቁልፉን ይዞ እየሮጠ ወጣ አሉ፣ ለሰባቱም "ነው" አልኩ። አንዱ ልጅ ባዶው ገጽ ላይ አስነጥሶት ወደቀ። የቀሩት አለፉ።

ከዚያ የኔዋ ጀመረች። እናት ስለሆንኩ አይደለም፤ ሜዳው ሙሉ የሚመሰክረው ነው። ሌሎቹ ገጹን ሲሉ እንደ ዝናብ ያወርዱት ነበር። እሷ ግን እንደ ሰው ወሬ፣ እያንዳንዱን ያዥ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ አንዱን ገጽ ከሌላው እያያያዘች ስትሄድ ሰው በርጩማውን እየተወ ተከተላት። ያ ፈረስ ያልሞተበት ገጽ ላይ ስትደርስ፣ የሁለቱ የማይዋደዱ ቤቶች ሰዎች ተያዩ። ለካ በሁለቱም ገጽ ያለው ፈረስ የአንድ ሰው ፈረስ ነበር። ማንም አስቦት አያውቅም።

አርባ አንድ ላይ ደረሰች። ሦስቱን ቀን፣ ልመናውን፣ በሩን ተናገረች። አቶ ደርበው "ነው" አለ፤ ጮክ ብሎ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደችና ፊቴ ቆመች።

"ገጽ አርባ ሁለት" አለች። ቆም አለች። "ገጽ አርባ ሁለትን እንደተነገረኝ አልለውም። የተነገረኝ ከአርባ አንድም ከአርባ ሦስትም አይገጥምም። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሕዝቡ ሦስት ቀን ለምኖ የከፈተለት የለም። በአራተኛው ቀን የበሩ ቁልፍ ተሰበረ። ማን እንደሰበረው አላውቅም። ጓንጉል አልነበረም። ይኸው ነው።"

ሜዳው ጸጥ አለ። ባዶ ገጽ የያዘው ሰውዬ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላስተማረም። ከኋላዬ አንዷ "ውይ! የገዛ ቤቷን!" ስትል ሰማሁ። መኩሪያን ፈለግኩት፤ ከተመልካቹ ፊት ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ነው ወይስ አይደለም?" አለ ዳኛው።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። ሰው የምን ማሰብ ነው፣ ልጅሽ አይደለችም ወይ ይለኛል። አንድ "አይደለም" ብዬ ቤቴ እንደተከበረ መሄድ እችል ነበር። ቃሌን እንደጠበቅኩ፣ አማቴ በመቃብራቸው እንዳረፉ፣ መኩሪያ ትከሻው ከፍ እንዳለ። ልጄን ብቻ ነበር የምጥለው። "ነው" ብል ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ በርጩማ ላይ የዋሸሁ ሴት እሆናለሁ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት። እልኸኛ ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቀና ብዬ ሳያት ግን እሷም እልኸኛ ናት፤ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ፣ እጆቿን ከፊቷ ገጥማ፣ እንደ እኔው ቆማለች። ልዩነታችን አንድ ነበር። እኔ የያዝኩት እልህ የሰው አደራ ነው፤ የእሷ የራሷ ነበር።

"ነው ወይስ አይደለም፣ ሴትዮ?"

"ነው" አልኩ። "ግን ጎድሎታል። ቀሪውን እኔ ልበል።"

ያዥ ገጹን በፈተና ቀን ማለት በሕጉ አልተፈቀደም፣ አልተከለከለምም። ዳኛው አላወቀም፣ ስለዚህ አልከለከለኝም። ከበርጩማዬ ተነሳሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአፌ ያልወጣ ነገር ሲወጣ እንዲህ ሙሉ ሆኖ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ጓንጉልም ድምፁን እየሰማ አልሰማሁም አለ። በአራተኛው ቀን አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቷ የወፍጮ መጅ ተሸክማ መጣች። ቁልፉን ሦስት ጊዜ መታችው፣ በሦስተኛው ተሰበረ። ጓንጉል በጓሮ በኩል ሸሸ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ 'ማንም እንዳይገፋፋ' አለች፣ በጣሳ እየሰፈረች ለእያንዳንዱ ቤት እኩል አደለች። በመጨረሻ የጓንጉል ልጆች በአጥሩ ስር ተደብቀው ሲያለቅሱ አየቻቸው። 'እነዚህም ሆድ አላቸው' አለችና ለእነሱም ሰፈረችላቸው።"

"ከዚያስ?" አለ ዳኛው።

አለና አፉን በእጁ ያዘ። የፈተናው ጸሐፊ ግን ጽፎታል። ሰውዬው በማግስቱ ተሻረ፤ አሁን ገበያ ውስጥ ጨው ይሸጣል፣ ገዢ ሁሉ ወሬ ይዞለት ስለሚመጣ ደስተኛ ነው ይላሉ። ያን ዕለት ግን ገና ዳኛ ነበርና ተነስቶ "ነው ተብሏል፣ ልጅቷ ወደ ገጽ አርባ ሦስት ትለፍ" አለ። አለፈች። እስከ መቶ አሥራ ስምንት አንድ "አይደለም" አላገኛትም።

ከዚያ የቀሩት ልጆች ጉዳይ መጣ። በሐሰተኛ ገጽ ነው ያለፉት። ጸሐፊው ሕጉን ገልብጦ አይቶ "ተመልሰው ይበሉት" አለ። ስለዚህ ስድስቱ በተራ በፊቴ ቆመው አትጠገብንና መጇን አሉ፤ እኔም ስድስት ጊዜ "ነው" አልኩ። አንዱ ልጅ እየሳቀ፣ አንዷ እያለቀሰች። ሕዝቡ ስድስት ጊዜ ሰማው። በሦስተኛው ላይ እንደ ዘፈን አብሮ መቀበል ጀምሮ ነበር። አትጠገብ ልጅ አልነበራትም፣ የሷ ነኝ የሚል ቤት የለም። ማታ ሳይሆን ግን ገበያው ሁሉ የሷ ነኝ ሲል ሰማሁ።

ሐሰት የተናገረ ያዥ ገጹን ይነጠቃል። የኔም ተነጠቀ። "ከፋቾች" የሚለውም ስም ከኛ ላይ ወረደ። መኩሪያ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። "አያቴ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበር" አለ። "ለሱም ሰፈረችለት ማለት ነው።" ከዚያ ሌላ አላለም፤ ለሱ ግን ይህ የዓመቱን ቃል የጨረሰበት ነው።

አቶ ደርበው ከአጠገቤ ውሃ በጣሳ ይዞ ዘረጋልኝ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

"ጠጪ፣ ጉሮሮሽ ደርቋል" አለ። "አጠገብሽ ስቀመጥ ሁልጊዜ አንድ የሚሸት ነገር ነበር። እኔ ደግሞ ጎመንሽ ነው እል ነበር።"

"ጎመን የት አለኝ?" አልኩት። "አንተ አይደለህ ያደረቅከው?"

ጠጣሁለት። ዛፉን አልቆረጠም፣ እኔም ይቅርታ አላልኩም።

ወደ ቤት የሄድነው እኔና አንጓች ብቻ ነን። በመንገድ ላይ ሰዎች አዩን፣ አልቆሙልንም፤ አንዳንዶቹ ግን ልጄን ዞረው አዩአት። የአናጺው ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ ከበሯ ወጥታ "አዋላጄ!" አለቻት። ገና ትምህርት ቤቱን ሳትረግጥ። ልጄ አፈረች፣ ሕፃኑን ጉንጩን ነካችና አለፈች።

ትንሽ ከሄድን በኋላ አልቻልኩም። "አንቺ ልጅ" አልኳት፣ "'አይደለም' ብልሽ ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር?"

"እወድቅ ነበር።"

"ዕድሜሽም ያልፍ ነበር!"

"ያልፍ ነበር። ግን አትይም ብዬ ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"አንቺ እልኸኛ እንጂ ውሸታም አይደለሽም" አለች።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዋሸሁትስ?"

"እሱማ እልህ ነው" አለች ልጄ።

እኔ ይህን ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ግን አሰብኩት፤ እሷ ታሪክ ፈተና ያለፈች ሰው ናት፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ ያቋረጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ተከራክሬ እንደማልረታ ገባኝና፣ እሷን አስቀድሜ ከኋላዋ ሄድኩ።